የርትዕ ሕግ መሠረተ ሐሳቦች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች በእንግሊዝ አገር ተወልዶ የኮመን ሎውን (በንጉሡ ፍርድ ቤቶች ፍርድ የዳበረውን የእንግሊዝ ሕግ) ሥርዓት ወደሚከተሉ አገሮች የተዛመተውን የርትዕ ሕግ የሚመለከቱ ናቸው። የሕግ ተማሪዎችም ሆኑ በውል፣ በውርስ ወይም በኩባንያ ጉዳይ ከዚህ ሥርዓት ጋር የተገናኙ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ርትዕ በዚህ የሕግ ሥርዓት ውስጥ ምንድን ነው?

ርትዕ የቻንሰሪ ፍርድ ቤት ይባል የነበረው የእንግሊዝ ችሎት በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ ያዳበራቸው ደንቦች፣ መብቶችና መፍትሔዎች ስብስብ ነው። ከኮመን ሎው ጎን ቆሞ የሚሠራ እንጂ በራሱ የተሟላ ሕግ አይደለም። ኮመን ሎው ከነገ ጀምሮ ቢሻር ርትዕ ብቻውን ሊቆም አይችልም፤ ምክንያቱም የባለቤትነትን፣ የውልንና የዕዳን ምንነት የሚወስነው ኮመን ሎው ሲሆን ርትዕ የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ አንድ ሰው በእጁ ያለውን ሕጋዊ መብት ሕሊና በማይቀበለው መንገድ እንዳይጠቀምበት ለመገደብ ነው።

ርትዕ የሚያዘው ሰውየውን መሆኑን መያዝ ለቀሪው ሁሉ ይጠቅማል። የርትዕ ዳኛ «ይህ ሰነድ ዋጋ የለውም» ከማለት ይልቅ «ሰነዱ የጸና ነው፤ አንተ ግን በዚህ ሰነድ ይህን ሰው አትከሰውም» ይላል። ትእዛዙን የጣሰ ሰው ችሎት በመድፈር ተቀጥቶ ሊታሰር ይችላል። ልዩነቱ ሲታይ ቀጭን ነው፤ ይሁን እንጂ የሁለቱ ሥርዓቶች ጎን ለጎን መኖር የተቻለው በዚህ ቀጭን ልዩነት ምክንያት ነው።

ሕግና ፍርድ ቤት እያለ ሌላ ሥርዓት ለምን አስፈለገ?

በመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ ንጉሣዊ ፍርድ ቤቶች ክስ የሚቀበሉት ከሳሹ ለጉዳዩ ዓይነት የተዘጋጀ የክስ ማዘዣ ከንጉሡ ጽሕፈት ቤት በክፍያ አውጥቶ ሲቀርብ ነበር። በደሉ ከታወቁት ማዘዣዎች ከአንዱ ጋር ካልገጠመ፣ በደሉ እውነት ቢሆንም እንኳ የሚያየው ችሎት አልነበረም። መኳንንቱ በ1258 በኦክስፎርድ ባስወሰኑት ደንብ የዚህ ጽሕፈት ቤት የበላይ የነበረው ቻንስለር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ በአዳዲስ ማዘዣ ላይ ማኅተም እንዳያሳርፍ ሲከለከል ደግሞ በሩ ይበልጥ ጠበበ።

የችግሩን መጠን ለመረዳት ተማሪዎች ሁሉ የሚማሩትን አንድ ምሳሌ ማየት ይበቃል። አንድ ሰው በማኅተሙ ባጸናው የዕዳ ሰነድ ገንዘብ ይበደርና ዕዳውን ሙሉ በሙሉ ይከፍላል፤ ነገር ግን ሰነዱን ሳያስቀድድ ወይም ሳይቀበል ይቀራል። አበዳሪው ያንኑ ሰነድ ይዞ ችሎት ቢቀርብ ኮመን ሎው ባለዕዳውን ድጋሚ ያስከፍለው ነበር፤ ለችሎቱ በማኅተም የጸና ሰነድ የመጨረሻ ማስረጃ ስለሆነ «ከፍያለሁ» የሚለው ቃል የሚሰማበት ቦታ አልነበረውም። ተከራካሪዎቹ ራሳቸው ምስክር ሆነው እንዲቆሙም ደንቡ አይፈቅድም ነበር።

እንዲህ ያለ በደል የደረሰበት ሰው የፍትሕ ምንጭ ወደሆነው ንጉሥ አቤት ይላል፤ ንጉሡም አቤቱታውን የማኅተሙ ጠባቂና የመንግሥቱ ከፍተኛ ሹም ወደነበረው ሎርድ ቻንስለር ይመራዋል። ቻንስለሮቹ በዚያ ዘመን በአብዛኛው ጳጳሳትና ካህናት ስለነበሩ የሚመረምሩት የተከሳሹን ሕሊና ነበር፤ ተከሳሹን በመጥሪያ አስቀርበው፣ በመሐላ ቃሉን ተቀብለው፣ እንደ ሕሊናው ማድረግ የሚገባውን እንዲያደርግ ያዙታል። ይህ አሠራር በ15ኛው ክፍለ ዘመን ራሱን የቻለ የቻንሰሪ ፍርድ ቤት ሆነ።

ሁለቱ ፍርድ ቤቶች ሲጋጩ የማን ቃል ይጸና ነበር?

ግጭቱ ጫፍ የደረሰው በንጉሥ ጄምስ አንደኛ ዘመን ነው። በ1615 በኦክስፎርዱ ኧርል ጉዳይ ላይ በኮመን ሎው ፍርድ ቤት የተረታ ወገን ወደ ቻንሰሪ መሄድ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ክርክር ተነሣ። የንጉሡ ችሎት ዋና ዳኛ የነበሩት ሰር ኤድዋርድ ኮክ አይችልም ባይ ነበሩ፤ አንዴ የተሰጠ ፍርድ በሌላ ችሎት ከታገደ የሕግ የበላይነት ይፈርሳል የሚል ሥጋት ነበራቸው። ሥጋቱ ተራ አልነበረም። ቻንስለሩ ሎርድ ኤልዝሚር ግን ቻንሰሪ የሚያግደው ፍርዱ ስሕተት ወይም ጉድለት አለበት ብሎ ሳይሆን ፍርዱን የያዘው ወገን ሕሊናው የደነደነ በመሆኑ ነው ሲሉ መለሱ። ንጉሡ በ1616 ለቻንሰሪ ወሰነ፤ ኮክም በዚያው ዓመት ከዳኝነታቸው ተነሡ። ርትዕና ኮመን ሎው ሲቃረኑ ርትዕ ይበልጣል የሚለው ደንብ መነሻው ይህ ነው።

ታዲያ ርትዕ ማለት ዳኛው ደስ እንዳለው ይፍረድ ማለት ነው?

አይደለም፤ ስለ ርትዕ ከሚነሡት የተሳሳቱ አስተያየቶች ሁሉ የበዛው ጉዳት ያለው ይህ ይመስለኛል። ብዙ ሰው «ሕጉ ባይደግፈኝም ርትዕ ይደግፈኛል» ብሎ ለዳኛው ርኅራኄ አቤት ለማለት ይዘጋጃል፤ ችሎት ሲቀርብ ግን የሚጠየቀው በየትኛው የታወቀ የርትዕ ደንብ ሥር መብት እንዳለው ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ወቀሳው እውነትነት ነበረው። የ17ኛው ክፍለ ዘመን የሕግ ሊቅ ጆን ሴልደን፣ ርትዕ በቻንስለሩ ሕሊና የሚለካ ከሆነ የርዝመት መለኪያችንን የቻንስለሩን እግር እንደማድረግ ነው፤ አንዱ ረጅም፣ ሌላው አጭር፣ ሦስተኛውም መካከለኛ እግር ይኖረዋል ብሎ ተሳልቋል። ከዚያ በኋላ የመጡት ቻንስለሮች ግን ነገሩን ለወጡት። ከ1673 ጀምሮ በሹመቱ ላይ የነበሩት ሎርድ ኖቲንግሃም የርትዕን ደንቦች በፈርጅ በፈርጃቸው አስቀመጡ፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሎርድ ሃርድዊክ አጠነከሯቸው፤ በ19ኛው መጀመሪያ ደግሞ ሎርድ ኤልደን ርትዕም እንደ ኮመን ሎው የቀደሙ ፍርዶችን የሚከተል ሥርዓት እንዲሆን አደረጉ። ኤልደን በ1818 በሰጡት አንድ ፍርድ ላይ ያንኑ የእግር ወቀሳ አንሥተው፣ ለወቀሳው ምክንያት የሚሆን ነገር ሠርቼ ከሆነ ከዚህ ቦታ ስነሣ ከዚያ የበለጠ የሚያሳምመኝ ነገር የለም ብለዋል። ጥንቃቄያቸው ዋጋ ማስከፈሉም አልቀረም፤ በእሳቸው ዘመን ቻንሰሪ ጉዳዮችን በማጓተት ስሙ ክፉኛ ጠፍቶ ነበር።

ስለዚህ የዛሬው የርትዕ ዳኛ ፈቃጅነት አለው ሲባል፣ መፍትሔውን መስጠት ወይም መከልከል በታወቁ መመዘኛዎች የታጠረ ምርጫው ነው ማለት ነው። ከሳሹ መብቱን ቢያረጋግጥም እንኳ ጥያቄው ተከሳሹን ከልክ በላይ የሚጎዳ ከሆነ ወይም ከሳሹ ራሱ ያጠፋ ከሆነ መፍትሔውን ሊያጣ ይችላል።

አደራ የርትዕ ትልቁ ፍሬ ነው የሚባለው ለምንድን ነው?

አንድን ንብረት ሁለት ሰዎች በሁለት ዓይነት መብት እንዲይዙት ማድረግ የቻለው አደራ ስለሆነ ነው። መሬቱ፣ ገንዘቡ ወይም አክሲዮኑ በባለአደራው ስም ይመዘገባል፤ በኮመን ሎው ዓይን ባለቤቱ እሱ ነው፤ መሸጥም ማከራየትም የሚችለው እሱ ነው። ጥቅሙ ግን ለተጠቃሚው ነው፤ በርትዕ ዓይን እውነተኛው ባለቤት ተጠቃሚው ነው።

ነገሩ የተጀመረው በመሬት ነበር። ወደ ጦርነት ወይም ወደ ረጅም ጉዞ የሚሄድ ባለመሬት፣ ወይም መሬቱን በኑዛዜ ማስተላለፍ ሕጉ የማይፈቅድለት ሰው፣ መሬቱን ለሚያምነው ወዳጁ «ለሚስቴና ለልጆቼ ያዝልኝ» ብሎ ያስተላልፋል። ንብረት እንዳይኖራቸው በሥርዓታቸው የተከለከሉት የፍራንሲስካን መነኮሳትም በሌሎች ስም በተያዙ ቤቶች ይጠቀሙ ነበር። ወዳጁ ቢክድ ኮመን ሎው ለቤተሰቡ አይደርስም፤ ቻንስለሩ ግን አደራ በላውን አስቀርቦ ቃሉን እንዲጠብቅ ያዝዘዋል። ባለመሬቶች ለንጉሡ የሚገባውን የመሬት ግብር ለማምለጥም ይህንኑ መንገድ ስለተጠቀሙበት ሄንሪ ስምንተኛ በ1530ዎቹ በአዋጅ ሊዘጋው ሞከረ፤ የሕግ ባለሙያዎች አዋጁ ያልነካውን ቀዳዳ አግኝተው የዛሬው አደራ ከዚያ አደገ።

የተጠቃሚው መብት ጥንካሬ የሚታየው በሦስተኛ ወገኖች ላይ ነው። ባለአደራው ቢከስር የግል ዕዳ ጠያቂዎቹ የአደራውን ንብረት አይነኩም። ንብረቱን በስጦታ ለሌላ ቢያስተላልፍ ተቀባዩም በአደራው ይታሰራል፤ አደራ መሆኑን እያወቀ የገዛም እንዲሁ። ከዚህ ሰንሰለት የሚያመልጠው በቅን ልቦና፣ ዋጋ ከፍሎ፣ አደራ መኖሩን ሳያውቅና ማወቅም ሳይጠበቅበት የሕግ ባለቤትነቱን የገዛ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለውን ገዢ ርትዕ አይነካውም፣ ሕሊናው ንጹሕ ነውና።

አደራ ለማቋቋም ሦስት ነገሮች መረጋገጥ እንዳለባቸው በ1840 ናይት በናይት ላይ ባቀረበው ክስ ተነግሯል፦ ሰጪው አደራ ለማቋቋም ማሰቡ፣ ንብረቱ የቱ እንደሆነና ተጠቃሚዎቹ እነማን እንደሆኑ። «እህቴ ለልጆቿ እንደምታስብ ተስፋ አለኝ» የሚል ኑዛዜ ልመና እንጂ አደራ አይደለም። ለበጎ አድራጎት የሚቋቋሙ አደራዎች ግን በስም የሚታወቅ ተጠቃሚ አያስፈልጋቸውም። ዛሬ የጡረታ ፈንዶች፣ የበጎ አድራጎት ሀብቶችና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ንብረት በብዛት የሚተዳደሩት በዚህ መልክ ነው።

ባለአደራው ማንንም ሳይጎዳ ቢያተርፍስ?

ትርፉን ይመልሳል። የዚህ ደንብ መሠረት የሆነው በ1726 የተወሰነው የኪችና የሳንድፎርድ ጉዳይ ሲሆን ታሪኩ አጭር ነው። የሮምፎርድ ገበያ የኪራይ ውል ለአንድ ሕፃን በአደራ ተይዞ ነበር። ዘመኑ ሲያልቅ ባለአደራው ለሕፃኑ እንዲታደስለት ጠየቀ፤ አከራዩ ለሕፃን አላድስም አለ። ባለአደራውም ለራሱ ተከራየው። ሕፃኑ ከዚያ ኪራይ ምንም ሊያገኝ እንደማይችል የተረጋገጠ ነበር፤ ባለአደራውም ያታለለው ሰው የለም። ቻንስለሩ ሎርድ ኪንግ ግን ውሉን ለሕፃኑ እንዲያዛውርና ያገኘውን ትርፍ እንዲያስረክብ አዘዙ፤ በዓለም ላይ ካለ ሰው ሁሉ ይህን ኪራይ መያዝ የማይችለው አንድ ባለአደራው ብቻ መሆኑን ሳይሸሽጉ ተናግረዋል።

ፍርዱ ጭካኔ ያለበት ይመስላል፤ እኔ ግን ትክክል ነው ባይ ነኝ። ባለአደራው ለሕፃኑ ከልቡ ተከራክሮ ይሆን ወይስ እምቢታውን በውስጡ ተመኝቶ ይሆን የሚለውን ማንም ችሎት ሊመረምር አይችልም። ደንቡ ጥርጣሬውን ከምንጩ ያደርቀዋል። ዛሬ ይኸው የታማኝነት ግዴታ የኩባንያ ዳይሬክተሮችን፣ ጠበቆችን፣ ወኪሎችንና የሽርክና አባላትን ይይዛል፤ ቅን መሆናቸው ለትርፉ መከላከያ አይሆናቸውም።

ርትዕ የሚሰጣቸው መፍትሔዎች ከገንዘብ ካሳ በምን ይለያሉ?

ኮመን ሎው በአመዛኙ የሚያውቀው ገንዘብ ነው፤ ውል ያፈረሰ ካሳ ይከፍላል። ርትዕ ደግሞ ገንዘብ በማይበቃበት ቦታ ይገባል። ተዋዋዩ ቃሉን እንደ ውሉ እንዲፈጽም ማዘዝ አንዱ መፍትሔ ነው። እያንዳንዱ መሬት ከሌላው የተለየ እንደሆነ ስለሚቆጠር መሬት ሊሸጥ የተዋዋለ ሰው ብዙውን ጊዜ እንዲሸጥ ይገደዳል፤ ከሌላ ነጋዴ ሊገዛ የሚችል ስንዴ ወይም ብረት ግን ካሳው ይበቃዋል። በማታለል ወይም በማሳሳት የተደረገ ውልን አፍርሶ ተዋዋዮቹን ወደ ነበሩበት መመለስ፣ እንዲሁም የተስማሙበትን በትክክል ያላሰፈረ ሰነድን ማቃናትም ከርትዕ የመጡ ናቸው።

የግል አገልግሎትን በተመለከተ ርትዕ የሚቆምበት ወሰን በ1852ቱ የላምሊና የዋግነር ጉዳይ ይታያል። ዮሐና ዋግነር የተባለች ዘፋኝ በአንድ የለንደን ቴአትር ለሦስት ወር ለመዝፈንና በዚያ ጊዜ በሌላ ቦታ ላለመዝፈን ከተዋዋለች በኋላ ተፎካካሪው ቴአትር በተሻለ ክፍያ ወሰዳት። ፍርድ ቤቱ «ዝፈኚ» ብሎ ሊያዛት አልቻለም፤ ሰውን አስገድዶ ማሠራት ከባርነት የሚለይበት መስመር ቀጭን ነው፤ በግድ የተዘፈነ ዘፈንስ ማን ይመዝነዋል? «በሌላ ቦታ እንዳትዘፍኚ» የሚል ዕግድ ግን ሰጠ።

ዕግድ በዘመናችንም ከሁሉ ይበልጥ የሚሠራበት መሣሪያ ነው። ዋናው ክርክር እስኪያልቅ የሚቆይ ጊዜያዊ ዕግድ ሲጠየቅ የእንግሊዝ ዳኞች የሚከተሉት በዚያን ጊዜ የአገሪቱ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ የነበረው የጌቶች ምክር ቤት በ1975 በአሜሪካን ሳያናሚድና በኤቲኮን ጉዳይ ያስቀመጠውን መንገድ ነው፦ በመጀመሪያ ሊታይ የሚገባው ክርክር መኖሩ ይጠየቃል፤ ቀጥሎ ዕግዱ ቢሰጥ ወይም ቢከለከል የሚደርሰው ጉዳት በኋላ በገንዘብ ይካስ እንደሆነ ይታያል፤ ከዚያም የማን ጉዳት እንደሚከፋ ይመዘናል። ዕግድ ጠያቂው በመጨረሻ ቢረታ የሌላውን ኪሳራ ለመካስ ግዴታ እንዲገባ ይደረጋል። በዚያው ዓመት ደግሞ ተከሳሽ ንብረቱን አሽሽቶ ፍርዱን ባዶ እንዳያደርግ ሀብቱ ባለበት እንዲቆይ የሚያዝዘው፣ በማሬቫ መርከብ ጉዳይ የታወቀው ዕግድ ተጀመረ።

«ወደ ርትዕ የሚመጣ በንጹሕ እጅ ይምጣ» የሚለው በተግባር ምን ያመጣል?

ይህ ብሂል ርትዕ ከሚመራባቸው አጫጭር አባባሎች አንዱ ነው። ርትዕ የሚሻ እሱም ርትዕ ያድርግ፤ ርትዕ ከቅርጽ ይልቅ ሐሳብን ያያል፤ መደረግ የነበረበትን እንደተደረገ ይቆጥራል፤ ዋጋ ሳይከፍል በባዶ ተስፋ የመጣን አይረዳም፤ መዘግየት ርትዕን ያሳጣል የሚሉትም ወገኖቹ ናቸው። በራሳቸው ጉዳይ የሚወስኑ አንቀጾች አይደሉም፤ ከብዙ ፍርዶች የተጨመቁ መመሪያዎች ናቸው።

የንጹሕ እጅን ትርጉም በቅርብ የሚያሳየው በ1965 የተሰማው የዲ ኤንድ ሲ ቢልደርስና የሪስ ጉዳይ ነው። አንድ አነስተኛ የግንባታ ድርጅት ለሠራው ሥራ 482 ፓውንድ ይቀረው ነበር። የባለዕዳው ሚስት ድርጅቱ ሊከስር መቃረቡን አውቃ 300 ፓውንድ ከተቀበላችሁ ተቀበሉ፣ ካልሆነ ምንም አታገኙም አለች። ግንበኞቹ ጨንቋቸው ቼኩን ወሰዱ፤ ለሒሳቡ ማጠቃለያ መሆኑንም በደረሰኝ ላይ ጻፉ። ቀሪውን ሲከሱ ባለዕዳው «በ300 ተስማምታችኋል፣ ቃላችሁን ማጠፍ በርትዕ አይፈቀድም» ብሎ ተከራከረ። ዳኛው ሎርድ ዴኒንግ አልተቀበሉትም፤ በሌላው ጭንቀት ተጠቅሞ ያገኘውን ቃል ርትዕ አያጸናለትም፤ ቀሪውንም እንዲከፍል ተፈረደ።

አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር ያስፈልጋል፦ ጥፋቱ ከተጠየቀው መፍትሔ ጋር ቅርብ ግንኙነት ያለው መሆን አለበት። ከሳሹ በሌላ ጉዳይ መጥፎ ሰው መሆኑ አይቆጠርበትም። መዘግየትም ቢሆን በቀን ብቻ አይለካም፤ የይርጋ ሕጉ ጊዜ ባያልፍም ከሳሹ መብቱን እያወቀ ዝም በማለቱ ተከሳሹ ተማምኖ አቋሙን ከለወጠ ጥያቄው ሊወድቅ ይችላል።

ያለ ጽሑፍ የተሰጠ ተስፋ ያስገድዳል?

አንዳንድ ጊዜ ያስገድዳል፤ ሁለት መንገዶችም አሉ። የመጀመሪያው ቀድሞ ባለ ውል ላይ የሚሰጥ ተስፋ ነው። በ1937 በለንደን አንድ ሙሉ ሕንፃ በዓመት 2,500 ፓውንድ ተከራየ። ጦርነቱ መጥቶ ቤቶቹ ባዶ ሲቀሩ አከራዩ በ1940 ኪራዩን ወደ 1,250 ዝቅ ለማድረግ ተስማማ፤ ለዚህ ቃሉ ግን በምላሹ የተቀበለው ነገር አልነበረም። በ1945 ሕንፃው ሲሞላ ሙሉ ኪራይ ጠየቀ። ሃይ ትሪስ በሚባለው በዚህ የ1947 ፍርድ ዳኛ ዴኒንግ ከጦርነቱ በኋላ ያለውን ሙሉ ኪራይ ፈቀዱ፤ ያለፈውን የጦርነት ዘመን ልዩነት ቢጠይቅ ኖሮ ግን ቃሉ ይይዘው እንደነበር አስረዱ። ይህ ዓይነቱ ተስፋ በ1951 እንደተወሰነው ጋሻ ነው እንጂ ሰይፍ አይደለም፤ ለመከላከያ ያገለግላል፣ አዲስ ክስ አይወልድም።

ሁለተኛው በመሬት ላይ የሚሰጥ ተስፋ ሲሆን ይህ ክስም ይወልዳል። በ2009 የተወሰነው የቶርነርና የሜጀር ጉዳይ ስለ ሁለት ጥቂት ተናጋሪ ገበሬዎች ነው። አንዱ በዘመዱ እርሻ ላይ ለ30 ዓመት ያህል ያለ ደሞዝ ሠራ። ዘመድየው «እርሻው ያንተ ይሆናል» ብሎ በግልጽ ተናግሮ አያውቅም፤ በ1990 ግን የሕይወት መድን ወረቀት ሰጥቶት ከሞተ በኋላ ለሚከፈለው ግብር እንዲሆን ነገረው። ሌሎችም እንዲህ ያሉ ንግግሮች ነበሩ። ያለ ኑዛዜ ሲሞት እርሻው ለሌሎች ወራሾች ሊተላለፍ ሆነ። የጌቶች ምክር ቤት በሁለቱ ሰዎች ጠባይና አነጋገር ሲታይ ተስፋው በቂ ግልጽነት ነበረው ብሎ እርሻውን ለሠራው ሰው ወሰነ። ማረጋገጥ የሚያስፈልገው የተሰጠ ማረጋገጫ መኖሩን፣ በእሱ መተማመንንና በመተማመኑ ምክንያት የደረሰ ጉዳትን ነው።

በብድር መያዣ ላይስ ርትዕ ምን ሠራ?

በድሮው አሠራር ባለዕዳው በተቀጠረው ቀን ካልከፈለ መሬቱን ለዘለዓለም ያጣ ነበር፤ አንድ ቀን መዘግየቱም በቂ ነበር። ቻንሰሪ መሬቱ ለዕዳው ማስያዣ ብቻ እንደሆነ ቆጥሮ ከቀኑ በኋላም ዕዳውን ከወለዱ ጋር ከፍሎ የማስመለስ መብት ሰጠው። አበዳሪው ይህን መብት በውሉ ውስጥ አስፈርሞ ሊያስቀርበት አይችልም።

ሁለቱ ሥርዓቶች ዛሬም የተለያዩ ናቸው?

ፍርድ ቤቶቹ ተዋሕደዋል። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ካሳም ዕግድም የሚፈልግ ሰው ሁለት ቦታ መሟገት ሊኖርበት ይችል ነበር። በ1858 የወጣ ሕግ ቻንሰሪ በዕግድ ፈንታ ካሳ እንዲሰጥ ፈቀደ፤ የ1873ና የ1875 የፍርድ ቤት አዋጆች ደግሞ ሁሉንም በአንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሥር አድርገው፣ ደንቦቹ በሚቃረኑበት ጊዜ ርትዕ እንዲጸና ደነገጉ።

ውጤቱ በ1882ቱ የዋልሽና የሎንስዴል ጉዳይ ተፈተነ። አንድ የሽመና ፋብሪካ ለ7 ዓመት ሊከራይ ስምምነት ተደርጎ ሕጉ የሚጠይቀው ሰነድ ሳይፈረም ተከራዩ ገባ። ስምምነቱ አከራዩ ሲጠይቅ የዓመት ኪራይ በቅድሚያ እንዲከፈል ይል ነበር፤ ተከራዩ ሰነድ የለም በማለት ተቃወመ። ፍርድ ቤቱ ርትዕ ስምምነቱን ያስፈጽመው ስለነበር ሰነዱ እንደተፈረመ ይቆጠራል ብሎ ቅድሚያ ክፍያውን አጸና። ከችሎቶቹ ጋር ደንቦቹም ቀልጠው አንድ ሆነዋል ወይስ ጎን ለጎን ይፈስሳሉ የሚለው ክርክር ግን በሕግ ምሁራን መካከል አላለቀም፤ የአውስትራሊያ የሕግ ሰዎች በተለይ መቀላቀሉን አጥብቀው ይቃወማሉ። በኒው ሳውዝ ዌልስ የችሎቶቹ አሠራር የተዋሐደው በ1972 ነው።

የተጻፈ ሕገ ፍትሐ ብሔር የሚከተሉ አገሮችስ ርትዕ አላቸው?

ለብቻው የቆመ የርትዕ ሥርዓት የላቸውም፤ ሐሳቡ ግን በአንቀጾች ውስጥ ገብቷል። የፈረንሳይ ሕግ ውል የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን ርትዕ የሚያስከትለውንም ይጨምራል ይላል፤ የስዊዘርላንድ ሕገ ፍትሐ ብሔር 4ኛ አንቀጽ ደግሞ ሕጉ ለዳኛው ሚዛን በተወው ቦታ በሕግና በርትዕ እንዲወስን ያዝዛል። ልዩነቱ እዚያ ርትዕ ከሕጉ በሚሰጠው ፈቃድ መሥራቱ ነው።

በርትዕ ጉዳይ ጁሪ ይቀመጣል?

በታሪኩ ቻንሰሪ ጁሪ (ፍሬ ነገሩን ለመወሰን ከተራው ሕዝብ የሚመረጡ ሰዎች) አልነበረውም፤ ፍሬ ነገሩንም ሕጉንም የሚወስነው ዳኛው ነው። ይህ በአሜሪካ እስከ ዛሬ ትልቅ ውጤት አለው፤ የሕገ መንግሥቱ 7ኛ ማሻሻያ የጁሪን መብት የሚያረጋግጠው ከ20 ዶላር በላይ ለሆኑ የኮመን ሎው ክሶች ነው። በ1792 የተቋቋመው የዴላዌር የቻንሰሪ ፍርድ ቤት እስከ አሁን ራሱን ችሎ የሚሠራ ሲሆን፣ በዚያ ግዛት የተመዘገቡ ኩባንያዎች የዳይሬክተሮች ታማኝነት ክርክር ያለ ጁሪ የሚታየው በእሱ ዘንድ ነው። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሁለቱ ሥርዓቶች በ1938 ደንቦች ቢዋሐዱም፣ አንድ ክስ ካሳም ዕግድም ሲጠይቅበት ለሁለቱ የጋራ የሆነው ፍሬ ነገር አስቀድሞ ለጁሪ መቅረብ እንዳለበት የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1959 ወስኗል፤ ዳኛው ዕግዱን የሚመለከተው ከዚያ በኋላ ነው።